መምህሩ መግለጽ ያቃታቸው ፊት

ተማሪዎቻቸው «አባ ምሳሌ» ይሏቸው ነበር። ስሙን ማን እንዳወጣላቸው አይታወቅም፤ ግን ሠላሳ ስምንት ዓመት ቋንቋ ሲያስተምሩ አንድም ቀን ያለ ምሳሌ ተናግረው አያውቁም። ዘነበ ለማለት ሰማዩን ያስለቅሱታል፤ ተማሪ ሲያረፍድ ኤሊ እንኳ ቀድማው እንደገባች ይነግሩታል። ጡረታ ከወጡ በኋላም ሰው አልተዋቸውም። የሠርግ መጥሪያ የሚያጽፍ፣ ለመቃብር ድንጋይ ሁለት መስመር የሚለምን፣ ለአለቃው መሸኛ ንግግር የቸገረው ሁሉ በራቸውን ያንኳኳል። እሳቸውም መነጽራቸውን ከግንባራቸው ወደ አፍንጫቸው ያወርዱና፣ የመጣው ሰው ጉዳዩን ተናግሮ ሳይጨርስ መጻፍ ይጀምራሉ። ሲያመሰግኗቸው «ኧረ ምንም አይደል» ይላሉ፤ ምስጋናውን ግን ሳምንት ሙሉ ያመነዥኩታል።

ሚስታቸው ከሞተች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ልብስ ሰፊ ነበረች፤ በሰፈሩ ካሉት ሴቶች መካከል አንድ ቀሚስ እንኳ በእሷ እጅ ያላለፈላት የለችም። ፎቶ መነሳት ግን አትወድም ነበር። ካሜራ ስታይ ወይ ወደ ማድ ቤት ትሸሻለች፣ ወይ «እኔ ላንሳችሁ» ብላ ራሷ ትይዘዋለች። ስለዚህ በቤቱ አልበም ውስጥ ባልየው አሉ፣ ልጅቱ አለች፣ ዘመድ አዝማዱ ሁሉ አለ፤ እሷ የለችም። የተረፈው መታወቂያዋ ላይ ያለው ጉርድ ፎቶ ብቻ ነው። እሱም በታመመችበት ዓመት የተነሳችው ነው፤ ጉንጯ ሟሽሿል፣ ማኅተሙ ደግሞ ግማሽ ግንባሯንና ግራ ዓይኗን ሸፍኖታል።

አንድ ልጅ ናት ያለቻቸው፤ ነርስ ናት። በቅርቡ አዲስ ቤት ገባች። ሶፋው ፊት ለፊት አንድ ባዶ ነጭ ግድግዳ አለ፤ እዚያ ላይ እናቷን መስቀል ፈለገች። የታመመችዋን ሳይሆን፣ እሷ ስድስት ሰባት ዓመቷ ሳለ የነበረችዋን ጎልማሳ እናቷን። የሥራ ባልደረቦቿ በቃል የነገሩትን ሥዕል አድርጎ የሚያወጣ ኤአይ የሚባል ነገር እንዳለ አጫውተዋት ነበርና፣ እሱኑ በአባቷ ስልክ ላይ ጫነችላቸው።

«አባዬ፣ ሥዕሉን የሚሠራው ቃል ነው አሉ» አለቻቸው። «ቃል ደግሞ የአንተ ነው። እማዬን ጻፍልኝ።»

አባ ምሳሌ ደስ አላቸው። እንዲህ ያለ ሥራ ለእሳቸው እንደ ውኃ መጠጣት ነው። ቤታቸው ገብተው ስልኩን የስኳር ዕቃው ላይ አስደግፈው አቆሙት፤ ጉባኤ ፊት እንደሚናገር ሰው ጉሮሯቸውን ጠራርገው ጻፉ፦ «ዓይኗ የንጋት ኮከብ፣ አንገቷ ብርሌ፣ ጥርሷ ሐጫ በረዶ፣ ተረከዟ ሎሚ፤ ደግነቷ እንደ ምንጭ የሚፈስ፣ የቤቴ ምሰሶ።» ጽፈው ሲጨርሱ ሁለት ጊዜ ጮክ ብለው አነበቡት። ጣማቸው።

ማሽኑ ጥቂት አሰበና ሥዕሉን አወጣ። አንዲት ሴት በቤት መሐል ጣሪያ ተሸክማ ቆማለች። አንገቷ መስታወት ነው፤ በውስጡ ወዲያ ማዶ ያለው ወንበር ይታያል። በዓይኖቿ ቦታ ሁለት ኮከብ ተተክሏል፣ አፏ የበረዶ ጡብ ጎርሷል፣ ከደረቷ ውኃ ይንዶለዶላል። የቆመችው ደግሞ በሁለት ቢጫ ሎሚ ላይ ነው።

መጀመሪያ ሳቁ። ሳቃቸውን ሳይጨርሱ ሰው እንዳያያቸው ወደ በሩ ዞር አሉ። ጉድለቱ ቃሉ ማነሱ ስለመሰላቸው ጨመሩበት፤ ጨረቃ አስገቡ፣ ዘንባባ አስገቡ። ስድስት ጊዜ ሞከሩ። በስድስተኛው ሴትዮዋ ጭራሽ ዛፍ ሆነች። ሁሉንም አጠፉና ስልኩን በግንባሩ ደፉት።

በማግስቱ ልጃቸው ደውላ እንዴት እንደሆነ ስትጠይቃቸው፣ «እየተሞረደ ነው» አሏት። የመጀመሪያዋ ውሸት ይቺ ነበረች።

ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ አንድ ትንሽ ማተሚያ ቤት አለ። መስኮቱ ላይ በኤአይ ሥዕል እንደሚሠራ የሚናገር ወረቀት ተለጥፏል። ሁለት ቀን በፊቱ ሲመላለሱ ሰንብተው በሦስተኛው ቀን ገቡ። ውስጡ የቀለምና የጋለ ፕላስቲክ ሽታ አለው፤ መደርደሪያው ላይ ፎቶ የታተመባቸው ኩባያዎች ተደርድረዋል። ባለቤቲቱ አርባውን የተሻገረች፣ መነጽሯን በገመድ አንገቷ ላይ ያንጠለጠለች ሴት ናት። ሲገቡ ከወንበሯ ተነሳች።

«መምህር፣ ይግቡ» አለች።

የማያውቁት ሰው ሁሉ መምህር ስለሚላቸው ከየት ታውቂኛለሽ ብለው አልጠየቁም። ወንበር ተሰጣቸው፣ ተቀመጡ፤ ጉዳዩን ለአንድ ወዳጃቸው እንደሚጠይቁ አስመስለው ጀመሩና መሐል ላይ ስልኩን አውጥተው ሰጧት። ስታነብ አፏን አፏን አዩ። አልሳቀችም።

«ይሄ ዕቃ ምሳሌ አይገባውም፣ መምህር» አለች። «ብርሌ ካሉት ብርሌ ይሥልልዎታል። ቤትዎ ጠፍቶበት የሚደውልልዎ እንግዳ ያስቡ። ገነት የመሰለ ግቢ ቢሉት ሲዞር ይውላል። ሰማያዊ በር፣ ጎኑ የተሰበረ ቧንቧ ቢሉት ግን ይመጣል። ይህንንም እንደዚያ ነው የሚያዙት።»

ከዚያ ኮምፒውተሯ ላይ ተቀምጣ ስለ ሚስታቸው ትጠይቃቸው ጀመር። ፊታቸው ክብ ነው ሞላላ? ግንባራቸውስ ሰፊ ነው? ፀጉራቸውን የሚከፍሉት በየት በኩል ነበር? ጆሯቸው የተጣበቀ ነው ወይስ ወጣ ያለ? ጥርሳቸው ግጥም ያለ ነው ፍንጭት?

«ደግ ፊት ነበራት» አሉ አባ ምሳሌ።

«እሱማ ጥሩ። ሲስቁ ምናቸው ነው የሚንቀሳቀሰው?»

መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው መለሱ። ሴትዮዋ ደንበኛ ላለማሳፈር የለመደች ነጋዴ ናት፤ ሰው በቶሎ እንደማያስታውስ፣ ብዙዎቹም እንዲሁ እንደሚሆኑ ነገረቻቸው። የተበላሸ የካሌንደር ወረቀት ገልብጣ በጀርባው ጥያቄዎቹን አንድ በአንድ ጻፈችላቸው። ሃያ ሁለት ሆኑ። ቤትዎ ሆነው ተረጋግተው ይሙሉት፣ ያኔ ተመልሰው ይምጡ ብላ ሸኘቻቸው።

ከምሳ በኋላ ተቀመጡበት። ቁመት የሚለው ላይ «እስከ ትከሻዬ» ብለው ጻፉ። መልክ፣ ጠይም። ፀጉር፣ ጥቁር። አራተኛው ቅንድብ ነበር። ቅንድቧ ቀጭን ነው ወፍራም? ሁለቱ ይገናኛሉ ወይስ ይራራቃሉ? ዓይናቸውን ጨፈኑ። ድምጿ መጣላቸው፤ «ሻይህ በረደ» ስትል ሰሟት። እጇ ሻዩን ሲያስቀምጥ መጣላቸው። ፊቷ ግን አልመጣም። ፊቷ ሊመጣ ይልና፣ የመታወቂያው ላይ የታመመችው ሴት ቀድማ ትገባለች። አምስተኛውን ዘለሉ፣ ስድስተኛውን ዘለሉ። የፈተና ሰዓት እያለቀበት የሌላውን ወረቀት በዓይኑ እንደሚፈልግ ሰነፍ ተማሪ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩት። የሚኮርጁት ሰው የለም።

ባዶ ከመተው መገመት ይሻላል ብለው ተማሪ ሲመክሩ የኖሩት ራሳቸው ናቸው። ያንኑ አደረጉ። ግምት እንኳ አይባልም፤ ያማራቸውን መረጡ። ቅንድቧን ቀጭንና ጨረቃ፣ ጉንጯን ስርጉድ፣ ጥርሷን ፍንጭት፣ አፍንጫዋን ሰልካካ አደረጉት። ሃያ ሁለቱም ሞሉ። ወደ ማተሚያ ቤቱ መመለሱ ስላሳፈራቸው ራሳቸው በስልኩ ላይ፣ ይህን ጊዜ ያለ ምሳሌ፣ አጠር አጠር አድርገው ጻፉት። የወጣችው ሴት ዓይን የምታፈዝ ነበረች። ትክ ብለው አዩአት። «እሷ ናት» አሉ። ማንም ሳይጠይቃቸው ሌላ ሁለት ጊዜ ደገሙት።

ልጃቸው ሥራ በሌላት ቀን ይዘውላት ሄዱ። ዕቃ እያጠበች ነበር፤ እጇን አደራርቃ ስልኩን ተቀበለቻቸው፣ በሁለት ጣቷ ሥዕሉን አሰፋችው፣ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቀሰችው። ብዙ ቆየች።

«አባዬ፣ ይህቺ ማን ናት?»

«እናትሽ ናታ።»

«እማዬ እኮ ስርጉድ አልነበራትም። ስርጉድ ያለኝ እኔ ነኝ፤ እሱንም ከአንተ እናት ነው የወሰድኩት።» ፈገግ አለች፤ አባቷ ሳያስተውሉ የተሳሳቱ መስሏታል። «ደግሞ ጠባሳዋን ረሳኸው።»

«የቱን ጠባሳ?»

ይህን ከአፋቸው ካወጡት በኋላ መመለስ ቢቻል በወደዱ ነበር። ልጅቱ ቀና ብላ አየቻቸው። ከዚያ ለበሽተኛ እንደምታስረዳው ረጋ ብላ ነገረቻቸው። አባቷ ምስጉን መምህር ተብለው በተሸለሙበት ዕለት ነው። እናቷ እሳቸው ለማታው በዓል የሚለብሱትን ኮት እየሰፋች ሳለ የስፌት መኪናው መርፌ ተሰብሮ ተፈናጠረና ግራ ቅንድቧን ሰነጠቀው። ደም በደም ሆነች። ልጅቱ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር፤ ፎጣ ያመጣችው እሷ ናት። አባዬን ልጥራ ስትል እናቷ አፏ ላይ ጣቷን አደረገች፤ አባትሽ ንግግሩን እያጠና ነው፣ አታቋርጪው አለቻት። የኮቱን ገበር ከደሙ አጥባ፣ በካውያ አድርቃ፣ ሰፍታ ጨረሰች። ቅንድቧ በተሰነጠቀበት ላይ ከዚያ በኋላ ፀጉር አልበቀለበትም። እስከሞተች ድረስ ለሁለት የተከፈለ ነበር።

አባ ምሳሌ ያን ንግግር እስከ ዛሬ በቃላቸው ይወጡታል። መጨረሻው ላይ ሚስታቸውን አመስግነው ነበር። «የቤቴ ምሰሶ» ነበር ያሏት፤ አዳራሹ በጭብጨባ ተናወጠ። ከፊተኛው ረድፍ ተቀምጣ ስታጨበጭብ ቅንድቧ በፕላስተር ታሽጎ እንደነበር አሁን ልጃቸው ነገረቻቸው። እሳቸው ያስታወሱት ጭብጨባውን ነው።

ልጅቱ አባቷ ረስተው ሳይሆን ጭራሹንም አይተውት እንደማያውቁ የገባት እየተናገረች ሳለ ነው። ድንገት ንግግሯን አቆመችና ዕቃ ማጠቧን ልትቀጥል ዞረች። ብትቆጣቸው ይሻላቸው ነበር። ዓይኗን ያሸሸችው እሳቸውን ላለማሳፈር መሆኑን ሲያውቁ መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ። ጃንጥላቸውን ትተው ወጡ፤ ሊመለሱ አስበው ተዉት።

የሚስታቸው ታናሽ እህት ገበያ ውስጥ ክርና ቁልፍ ትሸጣለች። ሄደው የቀረበላቸውን በርጩማ ይዘው፣ ያንኑ ባለሃያ ሁለት ጥያቄ ወረቀት ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ፤ አሮጌውን መልስ በሙሉ ሰርዘውታል። ምን እንደፈለጉ ሲነግሯት ሴትዮዋ የምትለካውን ጥብጣብ ከእጇ አልለቀቀችም።

«ጋሼ፣ ሠላሳ አምስት ዓመት አብሯት የተኛው ማን ነው? እኔ ነኝ?» አለች። ቀልድ ነበር፤ አጠገቧ ትንሽ ሱቅ ያላት ሴትም ሳቀች። ከዚያ ግን ሁሉንም መለሰችላቸው። የግራ ጆሮዋ ቀዳዳ የተቀደደ እንደነበር፣ በልጅነቷ ጉትቻዋን ስባ የቀደደችው ራሷ እህቷ እንደሆነች፤ ስትስቅ የላይኛው ከንፈሯ በአንድ ወገን ብቻ ከፍ እንደሚል፤ አገጯ ሥር የእህል ፍሬ የምታህል ማርያም የሳመቻት ምልክት እንደነበረች። አባ ምሳሌ እየጻፉ ነው። እያንዳንዱ መልስ ደስ ሊያሰኛቸው ሲገባ አንገታቸውን ይበልጥ ያስደፋቸው ነበር።

እህትየው ለጨዋታ ያህል አንድ ወሬ ጨመረችላቸው። አንድ ጊዜ ሚስታቸው ሙቀቱ ሲያስመርራት ወገቧ ጋ ይደርስ የነበረውን ፀጉሯን እስከ ጆሮዋ ተቆረጠችው። ሁለቱ እህትማማቾች ባልየው በስንት ቀኑ እንደሚያውቁ ተወራረዱ። እህት ሦስት ቀን አለች፤ ሚስት ሳምንት አለች። በአሥራ አንደኛው ቀን ጎረቤት ቤታቸው መጥታ «ፀጉርሽ እንዴት አምሮብሻል» ስትላት፣ እሳቸው ከደብተራቸው ቀና ብለው «አዎ፣ ያምርባታል» አሉ። ሁለቱም ተሸነፉ ተባለ።

«ስንስቅ ስንስቅ ዋልን እኮ» አለች እህትየው። «እሷማ የአንተን ነገር ስታወራ እንባዋ እስኪመጣ ነበር የምትስቀው። ይሄ ሰው ዓይኑን ደብተር ላይ ሰፍቼበታለሁ ትል ነበር።»

እሳቸውም አብረው ሳቁ። አመስግነው፣ ዓይኗን ሳያዩ ወረቀቱን አጥፈው ተነሱ።

ወደ ማተሚያ ቤቱ ተመለሱ። ባለቤቲቱ ወረቀቱን ተቀብላ አነበበች፣ ከዚያ መጻፍ ጀመረች። ከጀርባዋ ቆመው አዩ። የምትጽፈው ዓረፍተ ነገር ሁሉ አጭር ነው። «ሠላሳ ዓመት ገደማ። ጠይም። ግራ ቅንድብ መሐል ላይ ፀጉር የሌለበት ቀጭን መስመር። ስትስቅ የቀኙ ከንፈር ብቻ ወደ ላይ።» አንዲት ትርፍ ቃል የለችበትም። ግን ከአንዱ ዓረፍተ ነገር ወደ ሌላው ሰው እየተሠራ ሲሄድ ይታያል። ሥራውን ለሚያውቅ ሰው ምስጋና አይነፍጉምና፣ እንዲህ ያለውን አጻጻፍ የት ተማርሽው አሏት።

ጣቶቿ ቆሙ።

«የት እንደተማርኩት አላውቅም» አለች። «የተቀጣሁበት ግን እርስዎ ጋ ነው።»

ፊቷን ወደ እሳቸው መለሰች። ከፊቷ ላይ ሠላሳ ዓመት ተቀንሶ አሥራ ሦስት ዓመት የሆነች ልጅ እስክትወጣ ድረስ አፍጥጠው አዩአት። ሦስተኛው ረድፍ፣ መስኮቱ ጥግ። ስሟን አላስታወሱም። ያወጡላትን ስም አስታወሱ፤ «ዝርዝር»።

ድርሰቱ «እናቴ» የሚል ነበር። ሌሎቹ ልጆች እናታቸውን በፀሐይና በወርቅ ሲመስሉ ይቺ ልጅ እናቷ አጭር መሆኗን፣ ውኃ ስለምትሸከምበት ቀኝ ትከሻዋ ከግራው ዝቅ እንደሚል፣ አውራ ጣቷ ላይ የቢላዋ መስመር እንዳለ፣ ስትናደድ የማትናገር፣ ሳህን የምታጥብ መሆኗን ጻፈች። አባ ምሳሌ ድርሰቱን ለክፍሉ አነበቡት፤ ባለሱቅ የዕቃ ዝርዝር እንደሚያነብ አድርገው። በየመስመሩ ትንፋሽ እየወሰዱ አነበቡና መጨረሻ ላይ «ስንት ኪሎ ልመዝንልሽ?» አሏት። ክፍሉ በሳቅ ተናጋ። በቀይ እስክሪፕቶ ከአሥር ሦስት ሰጧት። ስሙ ትምህርት ቤቱን እስክትለቅ ድረስ አልተላቀቃትም።

«ደብተሩን ያን ዕለት ቀደድኩት» አለች ሴትዮዋ። ድምጿ ቁጣ የለበትም፤ የቆየ ነገር የሚናገር ሰው ድምፅ ነው። «እናቴ በዓመቱ ሞተች። እኛም ፎቶ የሚባል አልነበረንም። ይህን ሥራ ስጀምር መጀመሪያ ለመሥራት የሞከርኩት እሷን ነው። ያ ድርሰት በእጄ ቢኖር ቃል በቃል እገለብጠው ነበር። አሁን ትከሻዋን ብቻ ነው የማስታውሰው።»

አባ ምሳሌ አፋቸውን ከፈቱ። «ምላስ እንደ…» አሉና ተዉት። ለአርባ ዓመት ያልከዳቸው ምሳሌ ዛሬ አስጠላቸው። ቆባቸውን አውልቀው በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አጥፍቻለሁ» አሉ። «ድርሰቱ ጥሩ ነበር። ያን ጊዜም ጥሩ መሆኑ ሳይገባኝ አልቀረም። ክፍሉ ሲስቅልኝ ግን ደስ አለኝ።»

ሴትዮዋ መነጽሯን አውልቃ በቀሚሷ ጫፍ ጠራረገችው። «ይቅር ብያለሁ ብል ውሸት ይሆንብኛል» አለች። «ግን ሰምቻለሁ።» ከዚያ ወደ ሥራዋ ዞረች።

ሥዕሉ ወጣ። ጠባሳውም፣ ከንፈሩም፣ ምልክቷም በቦታቸው ናቸው። እሷ ናት ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። አዩ፣ ቀረብ ብለው አዩ፣ ራቅ ብለው አዩ። ሊሆን ይችላል። ላይሆንም ይችላል። ይቺን ሴት የሠራት የእህቷና የልጇ ዓይን ነው፤ እሳቸው ምስክር ሆነው የሚፈርሙበት አንድ ነገር አልነበረም።

«አላውቅም» አሉ።

ሴትዮዋ ጥቂት አሰበች። ከዚያ ወረቀቱን ከፊቷ አንስታ ገለል አደረገችው። «እሺ። የሰሙትን ይተዉት። እርስዎ በዓይንዎ ያዩትን ብቻ ይንገሩኝ። ትንሽም ትሁን።»

አንድ ደንበኛ ገብቶ የኩባያ ዋጋ ጠይቆ ወጣ። አባ ምሳሌ ከዚያ በኋላ ወለሉን እያዩ መናገር ጀመሩ፤ ቀስ ብለው፣ ቃል እንደሚቸግረው ሰው።

ቤታቸው ሳሎን ውስጥ አንድ መስኮት አለ። የስፌት መኪናው እዚያ ሥር ነበር። የእሳቸው ጠረጴዛ ከኋላ፣ በሩ አጠገብ ነው። ደብተር አርመው ቀና ሲሉ የሚያዩት ጀርባዋን ነው። ጎንበስ ስትል ከአንገቷ ሥር አንድ አጥንት ጎላ ትላለች። ሜትሩ አንገቷ ላይ ነው፤ ቢጫ ነው፣ ጫፉ ተበልቷል። የቀኝ ጫማዋን ታወልቃለች፤ ፔዳሉን የምትረግጠው በባዶ እግሯ ነው፣ ግራው ግን ጫማ ውስጥ እንዳለ ነው። ቡናማ ሹራቧ ላይ፣ ከትከሻዋ ዝቅ ብሎ፣ እሷ የማታየው ቦታ ላይ፣ ሁልጊዜ የክር ቁራጭ ተጣብቆባት ይውላል። አንድ ቀን ቀይ ነው፣ አንድ ቀን ነጭ ነው። ልነሳና ላንሳላት እያሉ ያስቡ ነበር። ቀጣዩን ደብተር ይስቡታል።

ሴትዮዋ ምንም ሳትጨምር፣ ምንም ሳትቀንስ፣ እንደተናገሩት ጻፈችው። ሥዕሉ ሁለት ጊዜ ተሳሳተ። አንድ ጊዜ ጫማውን በሁለቱም እግር አደረገው፣ አንድ ጊዜ መስኮቱን በግራ አደረገው፤ አረመችው። በሦስተኛው አባ ምሳሌ የወንበሩን መደገፊያ ያዙ።

«አዎ» አሉ።

ሁለቱንም ሥዕል ለልጃቸው ወሰዱላት። በዚህ ጊዜ አንዳች ሳይደብቁ የሆነውን ሁሉ ነገሯት፤ ጥያቄዎቹን እንዴት በውሸት እንደሞሉ፣ አክስቷ ጋ እንደሄዱ፣ ያችን ተማሪያቸውንም። ልጅቱ ባለፊቷን ሥዕል አየች፤ ትመስላለች፣ ግን ዓይኗ ላይ የሆነ ነገር ይጎድላል፣ ጎረቤት ትመስላለች አለች። ባለጀርባዋን ስታይ እጇን አፏ ላይ አደረገች።

«እማዬ» አለች። ቆይታ ደግሞ፣ «እኔ ግን ፊቷን ነበር የፈለግኩት፣ አባዬ።»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። ፊቷ እኔ ጋ የለም።»

ይህን ሲሉ እንደ ወትሮው ምሳሌ አልፈለጉም፣ እጃቸውንም አላወናጨፉም። ልጅቱ አጠገባቸው መጥታ ተቀመጠች፤ ክንዳቸውን ግን አልያዘችም። ሁለቱም ሥዕሉን እያዩ ሻዩ እስኪበርድ ተቀመጡ።

ባለጀርባዋ ሴት ታተመች፣ ክፈፍ ገባላት፣ ነጩ ግድግዳ ላይ ተሰቀለች። አባ ምሳሌ በየሳምንቱ እዚያ ቤት ይሄዳሉ። የሚቀመጡት ሶፋው ላይ፣ ከሥዕሉ ፊት ለፊት ነው። ሌላ ቦታ መቀመጥ ይችሉ ነበር፤ አይቀመጡም። ከዚያ ወዲህ የሠርግ መጥሪያ ለማጻፍ የሚመጣውን ሰው መጀመሪያ ረጅም ጥያቄ መጠየቅ ጀምረዋል ይባላል፤ አንዳንዱ ተሰላችቶ ሌላ ጸሐፊ ጋ ሄዷል።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ የልጃቸው የሥራ ባልደረቦች ቤቱን ለማየት መጡ። ከመካከላቸው አንዷ ሥዕሉ ፊት ቆማ፣ እንዴት ያምራል፣ ማን ናት፣ ለምንስ ዞራ ተሣለች ብላ ጠየቀች።

«እናቴ ናት» አለች ልጃቸው ሳህን እያቀረበች፤ ክፋት በድምጿ ውስጥ የለም። «አባቴ የሚያውቃት እንዲህ ነው።»

እንግዶቹ ወደ ሽማግሌው ዞረው በአክብሮት ፈገግ አሉ፤ ሰዓሊ ሳይመስሏቸው አልቀረም። የአባ ምሳሌ ጆሮ ጋለ። የልጃቸውን ዓረፍተ ነገር በልባቸው ደግመው አነበቡት፤ የሚታረም ቃል አላገኙበትም። ዓይናቸውን ሰብረው ሻያቸውን ጠጡ።